የትኛውን ሎተሪ ብቆርጥ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «የመንግሥት ሎተሪ ድርጅት ብዙ ዓይነት ጨዋታ ይሸጣል። የሚፋቅ አለ፣ ባለ ሦስት አሃዝ አለ፣ ስድስት ቁጥር የሚመረጥበት አለ፣ በየጥቂት ደቂቃው የሚወጣ አለ፣ ጃክፖቱ እየተጠራቀመ የሚሄድም አለ። በዕድል ስሌት ካየነው የትኛው ይሻላል? ቁጥር ራሴ ልምረጥ ወይስ ማሽኑ ይምረጥልኝ? ለብዙ ጊዜ ያልወጣ ቁጥር መከታተልስ ይጠቅማል? ከጓደኞቼ ጋር በማኅበር ብንቆርጥስ?»

ምላሽ፦

ከእነዚህ ውስጥ ቆራጩን አትራፊ የሚያደርግ የለም። ይህን አስቀድሜ ልበልና ልለፈው፤ የጠየቁኝ የቱ ሀብታም ያደርገኛል ብለው አይደለምና። ጨዋታዎቹ ግን እኩል አይደሉም። ትልቁ ልዩነታቸው ከተሰበሰበው ገንዘብ ላይ ለባለ ዕድሎች የሚመለሰው በምን መልክ ይመለሳል የሚለው ነው። ስንት በመቶው ይመለሳል? ለብዙ ሰው በትንሽ በትንሹ ነው ወይስ ለአንድ ሰው በጅምላ? ሽልማቱስ አስቀድሞ የተወሰነ ነው ወይስ ሌላ ሰው ከመጣ የሚካፈሉት? ይህን የመጨረሻውን የሚጠይቅ ቆራጭ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ብዙ የምቆየው እዚያ ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሮጌው እንጀምር። ቁጥሩ አስቀድሞ ታትሞ የሚሸጠው ትኬት ከሁሉም ይልቅ ግልጽ ነው። የስፔን መንግሥት ከ1812 ጀምሮ የሚያወጣው የገና ሎተሪ ዛሬ ከ00000 እስከ 99999 ድረስ 100,000 ቁጥር አለው። ስለዚህ አንድ ቁጥር አንደኛ ዕጣ የመሆን ዕድሉ ከ100,000 አንድ ነው፤ ማንም በልቡ ሊያሰላው ይችላል። ለሽልማት የሚመደበው 70 በመቶ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር በብዙ ቅጂ ይታተምና ቅጂውም አሥር ቦታ ተከፍሎ ይሸጣል፤ በዚህ ምክንያት አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አንድ መንደር በሙሉ አንድ ቁጥር ይዞ ዕጣው ሲደርስ ለሁሉም ይደርሳል። ቁጥሩንና ሽልማቱን የሳን ኢልዴፎንሶ ትምህርት ቤት ልጆች ለሰዓታት በዜማ ይጠሩታል። እንዲህ ባለው ሎተሪ ላይ መመርመር የሚገባዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕጣው የሚወጣው ከተሸጡት ትኬቶች ብቻ ነው ወይስ ያልተሸጡትም አብረው ይገባሉ? ያልተሸጡት የሚገቡ ከሆነ አንደኛ ዕጣው ማንም እጅ ሳይገባ ሊቀር ይችላል።

ባለ ሦስት አሃዙ ደግሞ ስሌቱ ከዚያም ይቀላል። ከ000 እስከ 999 አንድ ሺህ ቁጥር አለ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሦስቱን አሃዞች በቅደም ተከተላቸው ያገኘ ሰው የመደበውን 500 እጥፍ ይከፈለዋል። ከሺህ አንድ ዕድል፣ 500 እጥፍ ክፍያ፤ 50 በመቶ ይመለሳል ማለት ነው። ባለ አራት አሃዙም ከአሥር ሺህ አንድ ሆኖ 5,000 እጥፍ ስለሚከፍል ያው ነው። ቅደም ተከተሉ ሳይጠበቅ ለመጫወት ቢመርጡ ማግኘቱ ይቀልልዎታል፣ ክፍያውም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ያገኙትና ያጡት ይቻቻላሉ።

ጣሊያን ውስጥ ከጄኖቫ የመጣው የቆየ ሎቶ ግን አንድ የማይታይ ነገር ያሳየናል። ከ90 ቁጥር 5 ይወጣል፤ ቆራጩ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ቁጥር ይወጣል ብሎ ይመድባል። በአንድ ከተማ ዕጣ ላይ ሁለት ቁጥር የማግኘት ዕድሉ ከ400 አንድ ገደማ ነው፣ ክፍያው 250 እጥፍ፤ ስለዚህ 62 በመቶ ያህል ይመለሳል። ሦስት ቁጥር ከ11,748 አንድ ነው፣ የሚከፈለው 4,500 እጥፍ፤ ተመላሹ ወደ 38 በመቶ ወረደ። አራት ቁጥር ከ511,038 አንድ ሲሆን 120,000 እጥፍ ይከፍላል፤ 23 በመቶ። አምስቱንም ለማግኘት ከ43,949,268 አንድ፣ ክፍያው 6 ሚሊዮን እጥፍ፤ ከ14 በመቶ በታች። ስድስት ሚሊዮን እጥፍ ሲባል ጆሮ ይሞላል፤ ግን ከሁሉም መናኛው ዋጋ እሱ ነው። ሕልሙ በተለቀ ቁጥር ሻጩ ለራሱ የሚያስቀረው እየሰፋ ይሄዳል፤ ቆራጩም አያስተውለውም፤ ከ500 ሺህ አንድና ከ40 ሚሊዮን አንድ ለሰው ልጅ ስሜት እኩል «አይሆንም» ናቸው።

ስድስት ቁጥር የሚመረጥበት ሎቶ፣ ከ49 ስድስት ከሆነ፣ 13,983,816 ልዩ ልዩ ጥምረት አለው። በየሳምንቱ ሁለት ትኬት ቢቆርጡ በአማካይ አንድ ጊዜ ጃክፖቱ እንዲደርስዎ ከ134,000 ዓመት በላይ ያስፈልግዎታል። አምስት ቁጥር ማግኘት ከ54,201 አንድ፣ አራት ከ1,032 አንድ፣ ሦስት ከ57 አንድ ነው። ሰውን በጨዋታው ውስጥ የሚያቆየው ይኸው የመጨረሻው ነው፤ በዓመት አንድ ሁለቴ «ነክቶኝ አለፈ» ያሰኛል።

ይህ የመነካካት ስሜት በአጋጣሚ የሚመጣ እንዳይመስልዎ። ፓወርቦል የሚባለው የአሜሪካ ሎተሪ በጥቅምት 2015 ሕጉን ቀየረ። ቀድሞ ከ59 ነጭ ኳስ አምስት፣ ከ35 ቀይ ኳስ አንድ ነበር፤ ነጩን 69 አደረጉት፣ ቀዩን ወደ 26 አወረዱት። ጃክፖቱን የማግኘት ዕድል ከ175,223,510 አንድ የነበረው ከ292,201,338 አንድ ሆነ፤ በጣም ከበደ። ማንኛውንም ሽልማት የማግኘት ዕድል ግን ከ32 አንድ ገደማ የነበረው ከ25 አንድ ገደማ ሆነ፤ ቀለለ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ! ጃክፖቱ ባለ ዕድል እያጣ እንዲያብጥ፣ ቆራጩም ባዶ እጁን እንዳልቀረ እንዲሰማው። ያ ቀላል የሆነው ሽልማት ምንድን ነው ያሉ እንደሆነ፣ ትኬቱ ሁለት ዶላር ሲሆን ከአሥር ባለ ዕድል ዘጠኙ የሚያገኙት አራት ዶላር ነው። ለውጡ የታሰበለትን ለማድረግ ሦስት ወር ብቻ ፈጀበት፤ በጥር 2016 ጃክፖቱ 1.586 ቢሊዮን ዶላር ደረሰና ለሦስት ትኬቶች ተከፈለ። እሱም ቢሆን በ29 ዓመት ውስጥ በ30 ጊዜ የሚከፈል ድምር ነው፤ ባንዴ ልውሰድ ላለ ሰው 983 ሚሊዮን ገደማ ነበር፣ ግብሩ ሳይነሳ። ማስታወቂያ ላይ የሚለጠፈው ሁልጊዜ ትልቁ ቁጥር ነው። እንደ ሙያ ሰው አድናቆቴን ልደብቅ አልችልም፤ በሁለት ቁጥሮች ለውጥ ብቻ ይህን ያህል ገበያ የፈጠረ ሰው ስሌቱን ያውቃል።

አሁን ወደ መካፈሉ ልምጣ። በጥር 14 ቀን 1995 በእንግሊዝ ብሔራዊ ሎተሪ 7፣ 17፣ 23፣ 32፣ 38 እና 42 ወጡ። ጃክፖቱ ከ16 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። ስድስቱንም ያገኙት ሰዎች ስንት ይመስልዎታል? 133። ለእያንዳንዳቸው 122,510 ፓውንድ ደረሳቸው። ማታ ቴሌቪዥን ፊት ሚሊየነር ሆኖ ያደረ ሰው በማግስቱ የሚሊዮንን ሩብ እንኳ የማይሞላ ገንዘብ ይዞ ተገኘ። ቁጥሮቹን በመምረጫው ቅጽ ላይ ካየናቸው ሁሉም ወደ መሃል የተደረደሩ ናቸው፤ ብዙ ሰው እርሳሱን የሚያሳርፈው እዚያ ነው።

ከዚህ ጋር በመጋቢት 30 ቀን 2005 በፓወርቦል የሆነውን ያነጻጽሩ። አምስት ነጭ ኳስ ያገኙ፣ ሁለተኛ ሽልማት የወሰዱ ሰዎች 110 ሆነው ተገኙ፤ ይጠበቁ የነበሩት አራት አምስት ናቸው። መጀመሪያ ማጭበርበር ተጠረጠረ። በኋላ ሲጣራ ቁጥሮቹ በቻይና ምግብ ቤቶች ከምግብ በኋላ በሚታደል ብስኩት ውስጥ በታተመ ወረቀት ላይ የነበሩ ናቸው። ሁለተኛው ሽልማት ግን የሚካፈሉት ሳይሆን የተወሰነ ነበር፤ 110ሩም አንድም ሳይቀነስባቸው ቢያንስ 100,000 ዶላር ወሰዱ፣ ጉዳቱን የተሸከመው ሎተሪው ነው።

የሁለቱ ታሪክ ልዩነት ለእርስዎ ጥያቄ ዋናው መልስ ነው። ሽልማቱ የተወሰነ ሲሆን ሌላው ሰው ምን ቁጥር ያዘ የሚለው አይመለከትዎትም፤ ባለ ሦስት አሃዙ እንዲህ ነው። ስለዚህም ሻጩ ራሱን ይጠብቃል፤ እንደ 777 ያለ ቁጥር ብዙ ሰው ከያዘው በዚያ ቀን «ተሽጦ አልቋል» ሊሉዎት ይችላሉ። ሽልማቱ የጋራ ሲሆን ግን ዕጣው የሚወጣበትን ዕድል መለወጥ ባይችሉም ቢደርስዎ ከስንት ሰው ጋር እንደሚካፈሉ በምርጫዎ ይወስናሉ። በመንግሥት ሎተሪ ውስጥ ብልሃት የሚሠራበት ቦታ ካለ ይኸው ብቻ ነው። የጨዋታውን ሕግ ሲያነቡ በየትኛው ደረጃ ያለው ሽልማት የተወሰነ፣ የትኛው የጋራ እንደሆነ ይፈልጉ፤ አንዳንዴ በአንድ ጨዋታ ውስጥ እንኳ ይለያያል። በካሊፎርኒያ ለምሳሌ ሌላው ግዛት ላይ የተወሰነ የሆነው የፓወርቦል ትንንሽ ሽልማት ሁሉ የጋራ ነው።

እንግዲህ የጋራ በሆነው ላይ ምን ይራቁ? የልደት ቀንን። ከ1 እስከ 31 ባሉ ቁጥሮች ብቻ የሚሠራ የስድስት ቁጥር ጥምረት 736,281 ነው፤ ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ። የራሱን፣ የሚስቱንና የልጆቹን ልደት የሚሞላ ሁሉ በዚያች 5 በመቶ ውስጥ ተጨናንቆ ነው የሚጫወተው። 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6ን «ማንም አይመርጠውም» ብለው የሚመርጡ ብልሆችም ብዙ ናቸው። ባለፈው ሳምንት የወጣውን ደግመው የሚይዙም እንዲሁ፤ በቡልጋሪያ በመስከረም 2009 4፣ 15፣ 23፣ 24፣ 35 እና 42 በአራት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተከታትለው ወጡ። በመጀመሪያው ጊዜ ስድስቱን ያገኘ አልነበረም፣ በሁለተኛው ግን 18 ሰው አገኘ። ማሽኑ ይምረጥልኝ ማለት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ዕድልዎን አይጨምርም፣ ከሰው ግርግር ግን ያርቅዎታል። የማሽን ምርጫ አሸናፊ ይበዛዋል የሚባለውን አይስሙ፤ የሚበዛው በማሽን የሚቆርጠው ሰው ስለሚበዛ ነው።

ለብዙ ጊዜ ያልወጣ ቁጥርን ስለ መከታተል፦ አይጠቅምም። ኳሱ ትዝታ የለውም። በጣሊያን በቬኒስ ዕጣ ላይ 53 ቁጥር ከ2003 ጀምሮ ለ182 ዕጣ ጠፋ። «ዛሬስ አይቀርም» እያለ ሕዝቡ በየሳምንቱ መደቡን እያሳደገ ሄደ፤ ቁጠባውን የጨረሰ፣ ቤቱን ያጣ፣ ሕይወቱን ያጠፋ ሰው ነበር። በየካቲት 9 ቀን 2005 ሲወጣ ያገኙት አገኙ፣ ከዚያ በፊት የፈሰሰው ግን አልተመለሰም። በእያንዳንዱ ዕጣ 53 የመውጣት ዕድሉ ከ18 አንድ ነበር፣ በመጀመሪያውም ዕጣ በ182ኛውም። ሎተሪ ድርጅቶች ራሳቸው «ብዙ የወጡ» እና «የዘገዩ» ቁጥሮችን ሠንጠረዥ ሲለጥፉ ሳይ ግን ይከፋኛል፤ ጥቅም እንደሌለው ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የሚፋቀው ከሌሎቹ በባሕርዩ ይለያል። በ1974 በማሳቹሴትስ ከተጀመረው ከዘመናዊው ፈጣን ሎተሪ ጀምሮ አሸናፊው የሚታወቀው ሲታተም ነው፤ እርስዎ ሲፍቁ የሚወሰን ነገር የለም። የትኬቱ ብዛትና የሽልማቱ ብዛት የተቆጠረ ስለሆነ ዕድሉ ሽያጩ እየቀጠለ ሲሄድ ይለዋወጣል። ዋናው ሽልማት በመጀመሪያው ሳምንት ወጥቶ ሊያልቅ ይችላል፣ ቀሪው ትኬት ግን በመስኮቱ ላይ «አንድ ሚሊዮን ያሸንፉ» እንደተባለ ይሸጣል። በብዙ ቦታ የቀረውን ሽልማት ዝርዝር ስለሚያወጡ ከመፋቅዎ በፊት ያንን ማየት ይበጃል። «ከአራት ትኬት አንዱ ያሸንፋል» የሚለውንም በጥንቃቄ ይውሰዱት፤ የትኬቱን ዋጋ ብቻ መልሶ ማግኘትም እንደ ማሸነፍ ይቆጠራል። ሆኖም በአሜሪካ የሚፋቀው ከ60 እስከ 75 በመቶ አካባቢ ይመልሳል፣ ትኬቱ ውድ በሆነ ቁጥር ተመላሹ ከፍ ይላል፤ ፓወርቦል ግን 50 በመቶ ገደማ ነው።

የሚፋቅ ትኬት በዓይን ተለይቶ ያውቃል? አንድ ጊዜ ሆኗል። በ2003 በካናዳ ኦንታሪዮ ሞሃን ስሪቫስታቫ የሚባል የስታቲስቲክስ ባለሙያ ሳይፋቅ በፊት ፊት ለፊት የታተሙትን ቁጥሮች አጥንቶ፣ በትኬቱ ላይ አንዴ ብቻ የታዩ ሦስት ቁጥሮች በአንድ መስመር ሲገጥሙ ትኬቱ አሸናፊ እንደሚሆን ደረሰበት። 20 ያልተፋቀ ትኬት ለይቶ ለሎተሪ ድርጅቱ ላከ፤ 19ኙ ትክክል ሆኑ፣ ጨዋታውም ከገበያ ተነሳ። ለምን በገንዘብ አልተጠቀመበትም ቢሉ፣ አሰላና ትኬት ሲለይ ከመዋል ሥራው እንደሚሻለው ስላየ ነው። ከዚያ ወዲህ አታሚዎች ስለተጠነቀቁ እርስዎ ይህን ፍለጋ አይድከሙ።

በየጥቂት ደቂቃው የሚወጣው ኬኖ ከ80 ቁጥር 20 ያወጣል። ተመላሹ ከሎቶ ሊሻል ይችላል፣ አደጋው ግን ፍጥነቱ ነው። 65 በመቶ ይመልሳል እንበል። በሰዓት 12 ዙር የሚጫወት ሰው በሦስት ሰዓት 36 ጊዜ ይመድባል፤ በአማካይ የሚያጣው የ12 መደብ ዋጋ ይበልጣል። 50 በመቶ ብቻ የሚመልሰውን ሎቶ በሳምንት አንዴ የቆረጠ ሰው የሚያጣው ግማሽ መደብ ነው። የሚፋቀውም ችግር ይኸው ነው፤ ያገኟትን ትንሽ ሽልማት እዚያው መስኮት ላይ በሌላ ትኬት ይለውጧታል፣ ያም 70 በመቶ ደግሞ ደጋግሞ ሲቆረጥ ወደ ባዶ ይሄዳል። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል» ሲሉኝ መቶኛውን ብቻ ተመልክቼ አልመልስልዎትም፤ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚቆርጡ መጠየቅ አለብኝ።

ሎተሪው ራሱ ተሳስቶ ለቆራጭ ያደላበት ጊዜ ጠፍቶ አያውቅም። በ1992 በቨርጂኒያ ከ44 ስድስት የሚመረጥበት ጨዋታ 7,059,052 ጥምረት ብቻ ነበረው፣ ትኬቱ አንድ ዶላር፣ ጃክፖቱ 27 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በስቴፋን ማንዴል የተመራ የአውስትራሊያ ቡድን ሁሉንም ጥምረት ሊገዛ ተነስቶ ጊዜ አጥሮት ወደ 5 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ገዛ፤ ቢሆንም ጃክፖቱን በላ። በማሳቹሴትስ ደግሞ ጃክፖቱ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ባለ ዕድል ሲያጣ ወደ ታችኞቹ ሽልማቶች የሚፈስ ጨዋታ ነበር። ያ በሚሆንበት ሳምንት ብቻ በመቶ ሺዎች ትኬት እየቆረጡ ለዓመታት ያተረፉ ቡድኖች ነበሩ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከሚሺጋን የመጡ ጡረተኛ ባልና ሚስት ጭምር፤ ጨዋታው በ2012 ቀረ። ሁለቱም ጊዜ የተገኘው ትርፍ ሚሊዮን የሚመድብ ኪስና ትኬት እያተመ የሚያድር ሰው የጠየቀ ነው። በአንድ ትኬት የሚገባበት በር አልነበረም።

ስለ ማኅበሩ፦ አሥር ሆናችሁ አሥር ትኬት ብትቆርጡ ዕድላችሁ አሥር እጥፍ ያድጋል፣ ሽልማቱም ለአሥር ይከፈላል፤ በአማካይ የሚመለስላችሁ አይለወጥም። የሚለወጠው በየጊዜው ትንሽ ነገር የማግኘታችሁ ነገር ነው፣ ወጪውም ለእያንዳንዱ ሰው ሳይጨምር። ለጨዋታ ከሆነ እኔ ብቻ ከመቁረጥ ይህን እመርጣለሁ። ጣጣው የሚመጣው ከደረሰ ነው። ስለዚህ ማን ማን እንዳለበት፣ ማን ስንት እንዳዋጣ፣ በዚያ ሳምንት ያላዋጣ ሰው ድርሻ ይኑረው አይኑረው፣ ትንሹ ሽልማት ይከፋፈል ወይስ መልሶ ይቆረጥበት ብላችሁ ከዕጣው ቀን በፊት በጽሑፍ አስፍሩ፤ ሁላችሁም ፈርሙበት። የትኬቶቹን ፎቶ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ለሁሉም አባል ላኩ። ትኬቱን የሚይዘው ሰውም ለማኅበሩ ብሎ የሚቆርጠውንና ለራሱ የሚቆርጠውን በአንድ ጊዜ ከአንድ መስኮት አይግዛ፤ ክርክሩ ሁልጊዜ የሚነሳው «ያችኛዋ የግሌ ነበረች» ላይ ነው።